የእርሳስ መስመር ድንበር የሆነው መቼ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ እስራኤልና ፍልስጥኤም የመሬት ክርክር ባለፈው እሑድ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት በመጀመሪያው ዓይኔን ስላላመንኩ ነው። በአራተኛው አንቀጽ «የተባበሩት መንግሥታት በ1947 ያሰመረው፣ ዛሬ የ1967 ድንበር እየተባለ የሚጠራው» የሚል ሐረግ ሰፍሯል። ሃያ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ቁጥሮች በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጋብተው ድንበር ወልደዋል፤ ሽማግሌ ሆኖ ያጋባቸው ማን እንደሆነ ግን አልተገለጸም።

ዓመታቱን ሁሉ፣ እንደ ዘገባችሁ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ጠቅላላ ጉባኤው ኖቬምበር 29 ቀን 1947 በውሳኔ ቁጥር 181 ያጸደቀው የክፍፍል ዕቅድ በእንግሊዝ ትተዳደር ከነበረችው ፍልስጥኤም 55 በመቶ ገደማውን ለአይሁድ መንግሥት፣ ከቀሪው አብዛኛውን ለአረብ መንግሥት የሚሰጥ፣ ኢየሩሳሌምን ግን ለሁለቱም ከልክሎ በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር የሚያደርግ ነበር። (ድምፅ ከመስጠት ከተቆጠቡት 10 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ዘጋቢያችሁ ይህን አለመጥቀሱን በይቅርታ አልፈዋለሁ።) ዕቅዱ በታሰበው መልክ ሥራ ላይ ሳይውል ጦርነት ሆነ። ዘገባችሁ የ1967 ድንበር ያለው፣ በሌላ ስሙ አረንጓዴው መስመር የሚባለው ግን ከዚያ ጦርነት በኋላ በ1949 ከተፈረሙት የተኩስ ማቆም ስምምነቶች የመጣ ሲሆን፣ እስራኤልን ከአገሩ 78 በመቶ ገደማ ላይ ያቆማት እርሱ ነው። በሁለቱ መስመሮች መካከል የቀረው መሬት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ይበልጣል። መንደሩ በዚያ መካከል ቀርቶበት በስደተኛ መጠለያ ላረጀ ፍልስጥኤማዊ ሁለቱ መስመሮች አንድ መሆናቸውን የሚያስረዳ ደፋር ከዝግጅት ክፍላችሁ ከተገኘ፣ የመጓጓዣውን እኔ እችላለሁ።

«ድንበር» የሚለውም ቃል እንዲሁ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። እስራኤልና ዮርዳኖስ ኤፕሪል 3 ቀን 1949 በሮድስ ደሴት የፈረሙት ሰነድ፣ የተሰመረው መስመር ወደፊት የሚደረግን የግዛት ስምምነትም ሆነ የሁለቱን ወገኖች የይገባኛል ጥያቄ እንደማይነካ በግልጽ ይናገራል። ፈራሚዎቹ ራሳቸው ድንበር ላለማለት የተጠነቀቁበትን መስመር የእናንተ ዘጋቢ ከሰባ ዓመት በኋላ አጸደቀላቸው። 1967 ደግሞ የእስራኤል ጦር መስመሩን አልፎ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን፣ ዌስት ባንክንና ጋዛን የያዘበት ዓመት እንጂ መስመሩ የተሰመረበት አይደለም።

በኢየሩሳሌም ውስጥ መስመሩ እንዴት እንደተሰመረ ብታውቁ ኖሮ ቃሉን ስትጽፉ እጃችሁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኖቬምበር 1948 መጨረሻ የእስራኤሉ አዛዥ ሞሼ ዳያንና የዮርዳኖሱ አዛዥ አብደላህ አል-ተል በ1፡20,000 ካርታ ላይ፣ አንዱ በቀይ አንዱ በአረንጓዴ እርሳስ፣ ወታደሮቻቸው የቆሙበትን አሰመሩ። እርሳሱ ወፍራም ነበርና ሦስትና አራት ሚሊሜትር የሚሆነው ጭረት መሬት ላይ ሲወርድ ከ60 እስከ 80 ሜትር ይሰፋል፤ በጭረቱ ሥር የዋለው ቤት የማን እንደሆነ ለዓመታት አከራክሯል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ያለችው ቤት ሳፋፋ የተባለች የአረቦች መንደር በአጥር ለሁለት ተከፍላ፣ ዘመዳሞች በሠርግና በለቅሶ በሽቦ አሻግረው ይተያዩ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ቅሬታ ልምጣ። ዘገባችሁ መስመሩ ስላጉላላቸው ማኅበረሰቦች ሲዘረዝር ግሪኮችን፣ አርመኖችንና ላቲኖችን ጠቅሷል። በአማርኛ ለአማርኛ አንባቢ ሲጻፍ ኢትዮጵያውያን ተረሱ። የእናቴ አክስት እማሆይ በአሮጌዋ ከተማ፣ በጎልጎታ ጣሪያ ላይ ባለው ዴር ሡልጣን ገዳም፣ በዮርዳኖስ በኩል ነበሩ፤ ታናሽ እህታቸው ደግሞ በምዕራቡ ከተማ፣ በኢትዮጵያ ጎዳና በሚገኘው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት፣ በእስራኤል በኩል። መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሁለቱ አገሮች መካከል ግን ፖስታ አልነበረምና የታላቅየዋ ደብዳቤ አዲስ አበባ እኛ ቤት ይመጣል፤ እናቴ በሌላ ፖስታ አሽጋ ትሰጠኛለች፤ እኔ ፖስታ ቤት ሄጄ የአጼውን ምስል የያዘ ቴምብር በምላሴ አርሼ እለጥፋለሁ። «ሳልሽ ተሻለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አግኝቶ እስኪመለስ ሳሉ ድኖ ሌላ ሕመም ይጀምር ነበር።

በዴር ሡልጣን ነገሩ ከደብዳቤም ያልፋል፤ መስመሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኢትዮጵያውያንና የግብፅ ኮፕቶች የሚከራከሩበት የጸሎት ቤቶቹ ቁልፍ ነገርም አብሮ ይንቀሳቀሳልና። የዮርዳኖስ መንግሥት በ1961 ቁልፉን ለኢትዮጵያውያን አስረክቦ ብዙም ሳይቆይ ለግብፅ ኮፕቶች መለሰው። በ1970 የትንሣኤ ሌሊት፣ ከተማው በእስራኤል እጅ ከገባ በኋላ፣ ኢትዮጵያውያኑ መነኮሳት የሁለቱን ጸሎት ቤቶች ቁልፍ ለወጡ። ለራሳችን አድልቼ እንዳልናገር፣ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 ቁልፉ ለኮፕቶች እንዲመለስ ወስኖ፣ ባለቤትነቱን ግን መንግሥት እንዲመረምረው ትቶታል፤ ቁልፉም አልተመለሰም። ይህ ሁሉ የመሬት ክርክር ካልሆነ ምን እንደሚባል ዘጋቢያችሁ ቢያስረዳኝ እወዳለሁ።

ሰኞ ዕለት ስልክ ደውዬ ነበር። ያነሳው ወጣት በትሕትና አዳምጦኝ «አባቴ፣ ለአንባቢው ብዙ ለውጥ አያመጣም» አለኝ። እማሆይ በ1967 ክረምት፣ ወታደሮቹ አጥሩን ካነሱ በኋላ፣ ወደ እህታቸው በእግራቸው ሄደዋል፤ የላኩልን የመጨረሻ ደብዳቤ ስለዚያ መንገድ ይናገራል፤ የእስራኤል ቴምብር ተለጥፎበት እኔ ዘንድ አለ። ለወጣቱ ላሳየው ፈቃደኛ ነኝ።

እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ 1947ን ከ1949 ለይቶ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በስፖርት ዜናው ግርጌ የሚወጣ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ