ይድረስ ለእማዬ፦ ስለ ኢሜይልሽ

ውድ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ላፕቶፑ በሰላም በመድረሱ ደስ ብሎኛል። ግን በስልክ «አሮጌው ኮምፒውተር ሲሄድ ኢሜይልሽም አብሮ ይሄዳል አሉኝ» ያልሽው ከነከነኝና ረጋ ብለሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

ኢሜይልሽ የትም አይሄድም። የያሁ አድራሻሽ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ ቤት ብትቀይሪም ሣጥኑ እዚያው ፖስታ ቤት ነው፣ ቁልፉን የያዘ ይከፍተዋል። መሥሪያ ቤት እያለሽ የምትጠቀሚው አውትሉክ ቢሆን ሌላ ጣጣ ነበረው፤ እሱ ደብዳቤውን አውርዶ ማሽኑ ላይ ሊያስቀር ይችላል። አሁን ግን የምትገቢው ኢንተርኔት በምትከፍችበት በክሮም ስለሆነ እሱን ተይው።

ሱቅ ያለው ልጅ «አዲስ ጂሜይል ልክፈትልዎት» ካለሽ እሺ እንዳትዪው። ክፋት የለውም፤ ለእሱ አዲስ መክፈት ስለሚቀለው ነው። አንቺ ግን የእድር ጸሐፊ ነሽ፤ ቶሮንቶና ጅዳ ያሉት አባላት የመዋጮ ደረሰኝ የሚልኩልሽ በዚሁ አድራሻ ነው፤ የባንኩም መልእክት እንዲሁ። ለስንቱ ደውለሽ «ቀይሬያለሁ» ትያለሽ?

ዋናው ፓስወርዱ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ፓስወርድ ጠይቆሽ አያውቅም አይደል? ክሮም ስለያዘልሽ ነው፤ አዲሱ ግን ይጠይቅሻል። ስለዚህ አሮጌው ከቤት ሳይወጣ፣ ክሮም ላይ በስተቀኝ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኚና ፓስወርዶች የተቀመጡበትን ክፈቺ። ያሁ የሚለውን ፈልገሽ የዓይን ምልክቷን ስትነኪ ፓስወርዱ ይታያል። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን መክፈቻ ቁጥር ቢጠይቅሽ አትደንግጪ። ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይተሽ በግል ደብተርሽ ገልብጪው፤ በእድሩ መዝገብ ላይ እንዳይሆን አደራ! አዲሱ ላይ ስታስገቢ ደግሞ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ አለመሆኑን እዪ። የሚታየው ነጥብ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የተሳሳተ ፊደል እየጻፈ «እምቢ አለኝ» ሲል ይውላል።

ሌላው የአባባ ስልክ ነው። ኢሜይሉን የከፈተልሽ እሱ ስለነበር የተመዘገበው የእሱ ቁጥር ነው። ያሁ አዲስ ኮምፒውተር ሲያይ የማረጋገጫ ኮድ ቢልክ፣ የሚልከው ወደዚያ ነው። ሲሙን መነካካት እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ለአንድ ቀን ግን ከመሳቢያው አውጥተሽ ስልክ ውስጥ ክተቺው፣ ካርድም ሙዪበት። ብዙ ጊዜ የቆመ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የኢሜይልሽ ኮድ ለማናውቀው ሰው መድረሱ ነው። የሚሻለው፣ አሮጌው ላይ ገብተሽ እንዳለሽ ያሁ ላይ የተመዘገበውን ቁጥር በአንቺ ስልክ ቁጥር መቀየር ነው።

አሮጌውን ለሰው ለመስጠት አትቸኩዪ። የሚሠራበት ዊንዶውስ 10 የሚባለው ሥርዓት መደበኛ ድጋፉ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቆመ ነው ቀይሪ ያልኩሽ እንጂ፣ ለጥቂት ሳምንታት ጥግ ላይ ቢቀመጥ ምንም አይልም። ያው ኢሜይል በሁለቱም ላይ ይከፈታል። አዲሱ ላይ መግባትሽን ካረጋገጥን በኋላ ከአሮጌው ትወጫለሽ፣ ፎቶዎቹን እንገለብጣለን፣ ከዚያ ለፈለግሽው ስጪው።

እሑድ በእናንተ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። መብራት ቢጠፋም እንዳንቋረጥ ሁለቱንም ቻርጅ አድርጊያቸው። ፓስወርዱን ግን ለእኔም ቢሆን በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ የእትዬ ጆሮ ከግድግዳው ማዶ ነው።

ልጅሽ