የፋሲካው ጉርሻ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 6 ቀን 2016 ዓ.ም

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ናት። ኢንተርኔት ከጠፋ ወዲህ ፎቶሽን እንኳ አላየንም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ከዚያም አንች ወዳለሽበት ፈረንጅ አገር የሚያሻግርልኝ ሰው ስላገኘሁ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ። መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅምና እጄ ቸኩሏል፣ ጽሕፈቱ ካላማረ እለፊው።

የአክስትሽ ልጅ እሑድ ዕለት ደውላ ነበር። ሁሉን ነገረችኝ። እሷን እንዳትቆጪያት፣ ያስለፈለፍኋት እኔ ነኝ። ጥር ላይ «የሐሞት ጠጠር ነው» ያልሽን ቀዶ ጥገና ለካ ለመክሳት ብለሽ ጨጓራ ላይ ቀለበት ማስገባት ኖሯል። ይሁን። የሆነው ሆኗል። ግን ከእንግዲህ አትደብቂ።

በ10 ወር 11 ኪሎ ብቻ ቀነስሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ አሉ። አብራሽ የምትሠራዋ ጨጓራዋን አስቆርጣ በግማሽ ዓመት 30 ጣለች አሉ። የሷ ሌላ፣ ያንች ሌላ። ቆርጠው የሚሠሩት ቶሎ ያከሳል፣ የቀለበቱ ቀስ ይላል። ይህን የሚያውቁ ሐኪሞች አሉሽ፣ ከሰው ኪሎ ጋር ምን አፎካከረሽ?

እኔ መምህር ነኝና የአክስትሽን ልጅ እስኪገባኝ አስረጂኝ አልኋት። እሷም ነርስ ናትና አስረዳችኝ። ቀለበቱ ከላይ የሚተወው ቦታ የቡና ሲኒ ግማሽ አያህልም። ከቆዳሽ ሥር ባለችው ነገር በመርፌ የጨው ውሃ ሲጨምሩ ይጠብቃል፣ ሲቀዱለት ይላላል። አሁን የብርሌ አንገት አስቢ። ጠጁ ይወርዳል፣ ቆሎው አይወርድም። እንጀራና ሥጋው ሲተናነቅሽ አይስክሬሙና ጁሱ ሾልኮ ያልፋል። ቀን ሙሉ በሱ ከዋልሽ ኪሎው ከየት ይቀንስ? አንች ደግሞ ይባስ ብለሽ «አጥብቁልኝ» ልትያቸው ነው አሉ! የብርሌውን አንገት ብታጠቢው ጠጁ መውረዱን ይተዋል?

ሌሊት ጋደም ስትይ ያስልሻል፣ ደረትሽን ያቃጥልሻል፣ ከበላሽ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ውሃ ከፍተሽ ታስመልሻለሽ። ውሃውን የምትከፍችው ድምፁ እንዳይሰማ ነው። ይህ ሁሉ ቀለበቱ ከልክ በላይ መጥበቁን ሊያሳይ ይችላል አለች። ማስመለስ ሲደጋገም ቀለበቱን ከቦታው ሊያንሸራትተው ይችላል። ቫይታሚንም ያሳጣል፣ እግርን እስከማደንዘዝ ይደርሳል። ሄደሽ ንገሪያቸው። አትደብቂ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ነው የምጽፈው።

በ2015ቱ ፋሲካ ስትመጪ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ስድስት ዓመት ያላየኋት ልጄ ናትና ዶሮውን ከነእንቁላሉ ጠቅልዬ አጎረስሁሽ። እጄን አየት አድርገሽ ጎረስሽ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን ጨመርሁ። ሰው ሳቀ። አንችም የሳቅሽ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ዓይንሽ እንባ ሞልቶ ነበር። ብድግ ብለሽ ወደ ጓሮ ሄድሽ። ተከትዬሽ ወጣሁ። ጌሾው ሥር አጎንብሰሽ አየሁሽ። ቀርቤ ጀርባሽን መደገፍ ሲገባኝ ዝም ብዬ ተመለስሁ። ለእናትሽ ምን እንዳልኋት ታውቂያለሽ? «ፈረንጅ አገር የአባቷን እጅ አስጠላት» አልኋት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን ፊት ነሣሁሽ። አንች ደግሞ ምክንያቱን ሳትጠይቂኝ ጫማዬን እየወለወልሽ ሰነበትሽ።

ያን ጊዜ ከተሠራልሽ ገና ሦስት ወርሽ ነበር። አላወቅሁም። አላወቅሁም ማለት ግን አያድነኝም፣ ጀርባሽን አይቻለሁና። ይቅር በይኝ።

በይ እንግዲህ፣ ስሚ። የምትጎርሽው ከጥፍርሽ አይብለጥ። ሃያ ጊዜ፣ ከዚያም በላይ አኝኪ። በሻይ ማንኪያ ብዪ። ስቅ ሲልሽ ወይ አፍንጫሽ እርጥብ ሲል ማንኪያውን አስቀምጪ፣ በቃ ማለት ነው። ከምግብ ጋር ውሃ አትጠጪ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ጠጪ። ከተጣበቀብሽ ደግሞ በውሃ ልግፋው ብለሽ አትሞክሪ፣ ይብሳል። ምራቅሽ ወይ ውሃ እንኳ አልወርድ ካለ፣ ወይ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ሂጂ።

እንጀራ ካልተስማማሽ ተይው። ጎጃሜ ሆኖ እንጀራ አልበላ ያለ የለም እንዳትይ፣ ማንም አይቆጥርብሽም። ዓሣ፣ እንቁላልና አይብ አስቀድሚ። የነቢያት ጾም በሚመጣው ሳምንት ይገባል። ለንስሐ አባትሽ ሕመምሽን ንገሪያቸው፣ ያዝኑልሻል እንጂ አይቆጡሽም። እሳቸውንም አትደብቂ። እጾማለሁ ካልሽም ሽሮውን ቀጠን አድርገሽ በማንኪያ ነው፣ ድንችና ዳቦ ላይ እንዳትወድቂ።

እናትሽ ሁለት ኪሎ ሽሮ ልካልሻለች። በርበሬውን ቀንሳዋለች። «ከሳች እንዴ?» እያለች ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? አልከሳችም ስላት ደስ ይላታል፣ እሱን ላንች አልነግርሽም ብዬ ነበር።

ሰኞ ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂ። አጥብቁልኝ ሳይሆን እዩልኝ በያቸው። ማታውኑ ደውዪልኝ። ካልተነሣ ደግመሽ ሞክሪ፣ ኔትወርኩ ነው እንጂ እኔስ ስልኩን ይዤ በር ላይ ነኝ።

አባትሽ