የ፲፰፻፹፯ን (የ1887ን) ብር ለምን እንደ ድሮው ወዲያው አንገዛም? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ከጥር ጀምሮ ብርቅ የምኒልክ ብር ሲመጣልን ወዲያው መክፈል አቁመናል። ሳንቲሙ ሰባት ቀን እኛ ጋ ይቆያል፤ ለምርመራ 500 ብር እናስከፍላለን። ይህን ሁሉ በር ላይ በለጠፍናት ወረቀት ብቻ ማሳወቃችን ጥፋት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔው ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ታገሱኝና ላስረዳ።

የምኒልክ ብር ፓሪስ ነው የተመታው። በ1887 ዓ.ም. የተመታው 20 ሺህ ገደማ ሲሆን፣ የ1889ኙ ግን ከ4 መቶ ሺህ ይበልጣል። ሁለቱም 28 ግራም ናቸው፣ ምስላቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በመጨረሻዋ የግእዝ ቁጥር ብቻ ነው፤ አንዱ ፯ ሌላው ፱። በዚያች በአንዲት ፊደል ምክንያት ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሰው ፲፰፻፹፯ የሚል ብር አመጣ። መዘንኩት፣ ልክ ነው። ድምፁም የብር ድምፅ ነው። የብርቅ ዋጋ ከፈልኩ። በሳምንቱ ለአንድ የቆየ ደንበኛችን ሸጥኩት፤ እሱ ደግሞ ቤቱ ሄዶ በአጉሊ መነጽር አየው። ሲመልስልኝ እኔም አየሁት። የቁጥሯ ጫፍ በመርፌ ተፍቆ ዙሪያው ያንጸባርቃል። ፱ የነበረችው ፯ ተደርጋለች። ብሩ እውነተኛ ነው፣ ዓመቱ ግን ውሸት ነው። የ1892 ወይም የ1895 ብር ቢሆን ኖሮ በብሩ ላይ ያለው አንበሳ የሚያነሳው ሌላኛውን የፊት እግሩን ስለሆነ ገና ሳየው እነቃ ነበር። ሰውየው ይህን ያውቃል፣ ለዚህ ነው የ1889ኙን የመረጠው።

ለደንበኛዬ ሙሉ ገንዘቡን መለስኩ። እኔ ግን ከማን ላስመልስ?

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሱቁ የሁለት ወር ኪራይ በአንዲት ጭረት ሄደ። ኪራዩም እንደምታውቁት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የሳንቲም መያዣው፣ ሚዛኑ፣ መነጽሩ፣ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል።

«ሰባት ቀን የሚይዙት ሊለውጡት ነው» ያላችሁ አላችሁ። ይህ በጣም ነው ያሳዘነኝ። አባቴ በአንዲት የመስታወት ሳጥን ፖስታ ቤት አካባቢ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ የሰው ሳንቲም ለውጠን አናውቅም። አሁን ፊታችሁ እንመዝናለን፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ እናነሳለን፣ ክብደቱ የተጻፈበት ደረሰኝ እንሰጣለን። ሳንቲሙን ከገዛነው 500 ብሩ ይመለስላችኋል።

ስለ ጠገራ ብርም ብዙ ቅሬታ መጥቷል። «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው፣ እንዴት በብር ክብደት ብቻ ትገዛለህ?» ትላላችሁ። በጠገራው ላይ ምስሏ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ከሞተች በኋላም ብሩ ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ተመትቷል። ዓመቱ የሳንቲሙን ዕድሜ አይነግረንም። ውስጡ ያለው ንጹህ ብር ከ23 ግራም ትንሽ ይበልጣል፤ የብር ዋጋ ሲጨምር እኛም ጨምረን እየገዛን ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ «ሳንቲም በሰው እጅ ላክልን» ትላላችሁ። ናፍቆታችሁ ይገባኛል። ግን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በዚህ አትጨቅጭቁን።

አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀርቷል። በጥር መጨረሻ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው የ1887ን ብር አመጡ። ይህኛው እውነተኛ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ለእኛ እንዲያምርልን ብለው በአመድና በሎሚ ፈትገውት ነበር፤ እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል፣ የአንበሳው ጋማ ጠፍቷል። የታጠበ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። እባካችሁ፣ አሮጌ ሳንቲም አትጠቡ፣ ጥቁረቱ ይኑር። እኔም ደንግጬ የብሩን ክብደት ዋጋ ብቻ ነገርኳቸው። ልጃቸው ተቆጣ፤ እሳቸው ምንም ሳይሉ መልሰው ቋጠሩት።

እማማ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው ካለ ተመልሰው ይምጡ። ቢታጠብም የ1887 ብር ነው፤ ከክብደቱ በላይ ያወጣል። በችኮላ ነው የመለስኩልዎ። ከእርስዎ የምርመራ አንቀበልም። ከእሑድ በቀር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሱቅ አለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት