የእድራችንን ዕቃ ቤት የተጠቁ እናቶች ማረፊያ ለማድረግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ የሰፈራችን ነዋሪዎችና በውጭ አገር የምትኖሩ ልጆቻችን፣

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እናት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ልጆቿን ይዛ የእድሩን ጸሐፊ በር አንኳኳች። ፊቷ አብጦ ነበር፤ ትንሹ ልጅ ባዶ እግሩን ነው። ያደሩት ዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ በተጠቀለለው ድንኳንና በትልልቆቹ ድስቶች መካከል ነው። በማግስቱ ጣቢያ ሄዳ ቃሏን ሰጠች፣ የሕክምና ማስረጃም አወጣች፤ ሆኖም ሲመሽ የምትገባበት ስላልነበራትና ሽማግሌዎችም «ገመና አይውጣ» ስላሏት ወደዚያው ቤት ተመለሰች። ክሱም በዚያው ቀረ።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ተቋማት ከጎተጎቱ በኋላ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ የነበረውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ አስቀርቷል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸምን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል። ነገር ግን ፍቺ ላልጠየቀች ሴት፣ አጥቂው ከቤት ወጥቶ እሷ ከልጆቿ ጋር እንድትቆይ የሚያደርግ የጥበቃ ትእዛዝ ሁለቱም ሕጎች አልደነገጉም። ስለዚህ የምትወጣው እሷ ናት፤ የት ትግባ የሚለውን ደግሞ አንቀጹ አይመልስም። ሽምግልናን አንንቅም፤ የሕክምና ማስረጃ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግ ሽምግልና ግን ማስረጃውን እንደሚያጠፋ በዓይናችን አይተናል።

ጠቅላላ ጉባኤያችን ዕቃ ቤቱ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሌሊቶች ማረፊያ እንዲሆን ፈቅዷል። ቦታውን ባሎችም እንደሚያውቁት አይጠፋንም፤ በመሆኑም ከምንም በፊት የብረት በርና ተጨማሪ የሌሊት ዘበኛ ያስፈልጉናል። ቀጥሎም መጸዳጃ ቤት፣ አልጋና ፍራሽ፣ እንዲሁም ለታክሲ፣ ለሕክምና ማስረጃ፣ ለክስ ማስጻፊያና ለፎቶ ኮፒ የሚውል ጥቂት ገንዘብ እንፈልጋለን፤ ብዙ ሴቶች ቀጠሯቸውን የሚያቋርጡት በእነዚህ ጥቃቅን ወጪዎች ነውና። በሰፈራችን የሚኖሩ ጠበቆች ያለ ክፍያ ለመቆም ቃል ገብተዋል።

ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ብርድ ልብስም ሆነ የአንድ ቀን ጉልበት እንቀበላለን። ገንዘብ የሚወጣው በሦስት የሴቶች ኮሚቴ አባላት ፊርማ ሲሆን፣ ሒሳቡ በየወሩ ስብሰባ ይነበባል፤ የተረዱት እናቶች ስም ግን በሪፖርቱ አይገባም። ርዳታችሁን በእድሩ ደረሰኝ ለገንዘብ ያዣችን እንድታስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን። ድንኳኑና ድስቶቹ ከአሁኑ ወደ ጸሐፊው ግቢ ተዛውረዋል።