ከባለቤቶቹ አንደበት፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሥራ ከሌላው ጊዜ ለየት ያለ ነበር። ዜናው፣ ግጥሙ፣ የልደት መልእክቱ አልቀረም፤ በእረፍት ሰዓት እንደ ወትሮው ተላልፏል። ልባችንን የወሰደው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሀገራችን ሙስሊሞች በራሳቸው ሚዲያ ስለ እምነታቸው ለሌላው ሰው እንዴት ያስረዳሉ? ይህን ጥያቄ ይዘን ዓመቱን ሙሉ ስንሰማ፣ ስናነብና ስንጠይቅ ከረምን።

ሐሳቡ የመጣው ከተማሪዎች ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን አውጥታ አንድ የቲክቶክ ክርክር አሳየችን። ሁለት ሰዎች ይጯጯሃሉ። አንዱ የእስልምናን፣ ሌላው የክርስትናን ስህተት ለማውጣት ይፎካከራሉ። «ቲቸር፣ እኔ ስለ እስልምና የማውቀው በሙሉ ከዚህ ያገኘሁት ነው» አለች። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሙስሊም ናት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል፣ ምሳቃቸውን አብረው ይከፍታሉ። ስለ ሶላቷና ስለ ጾሟ ግን ጠይቃት አታውቅም። መጠየቅ ነውር መስሏታል።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ተከባብረን እንኖራለን እንላለን፤ እውነትም ነው። አንጠያየቅም ግን። በዝምታው መሐል የሚገባው ደግሞ የሚጯጯኸው ሰው ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይኼ ነበር።

ርዕሰ መምህራችን ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት ያነሱት ጥያቄ ተገቢ ነበር። ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል። ስለዚህ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን ደንብ አወጣን። በማይክራፎናችን አይሰበክም። አይከራከርም። ማንም ማንንም ወደ እምነቱ አይጋብዝም። የምናደርገው ማዳመጥ፣ ማጣራትና ማስረዳት ብቻ ነው። እያንዳንዱን ጽሑፍ ደግሞ ከመተላለፉ በፊት ሁለት ተማሪዎች ያነቡታል፤ አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ያልሆነ። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ከሁሉም በላይ ጠቅማናለች።

ሥራውን የጀመርነው ወደ ኋላ ሄደን ነው። የወሎ ሼሆች በአማርኛ የገጠሙትን መንዙማ፣ ማለትም የሙስሊሞችን መንፈሳዊ ዜማ፣ በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። ኋላ መንዙማው ካሴት ላይ ሲወጣ የሼህ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ከሙስሊሙ ቤት አልፎ በየታክሲው ተሰማ። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው በ1961 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ዛሬ ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ሲደርሱ ትምህርት ቤታችን የሚዘጋው ከዚያ ሰልፍ በኋላ በመጣው ለውጥ ነው። ይህን ስናስተላልፍ ግቢው ውስጥ ብዙ ተማሪ እንደ አዲስ ነገር ነው የሰማው።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ የሙስሊም ጋዜጦችና መጽሔቶች መውጣት ጀመሩ። ቢላል መጽሔት አንዱ ነው። ኋላ የወጣው «የሙስሊሞች ጉዳይ» የተባለው መጽሔት ታሪክ ግን ያሳዝናል። ሙስሊሞች መንግሥት በሃይማኖታችን ጣልቃ አይግባ በማለት «ድምፃችን ይሰማ» ብለው በተነሡበት በ2004 ዓ.ም. አዘጋጁ ዩሱፍ ጌታቸው ታሰረ፤ መጽሔቱም ከገበያ ጠፋ። ስለ ቴሌቪዥን ስናነብ ደግሞ ሕጉ ራሱ ተማሪዎቹን አስገረማቸው። የ1999ኙ የብሮድካስት አዋጅ ለሃይማኖት ድርጅት ፈቃድ አይሰጥም ነበር። በሩን የከፈተው የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ነው። ዛሬ ሚንበር፣ ነሲሓ፣ አፍሪካ ቲቪ፣ ሀሩን ሚዲያ እያልን የምንጠራቸውን በስልካችንም በቴሌቪዥንም እናገኛቸዋለን።

የክበቡ ዋና ሥራ የጥያቄ ሳጥኑ ነበር። ከሰንደቅ ዓላማው አጠገብ አንድ የካርቶን ሳጥን አስቀመጥን። ስም አይጻፍም። ጥያቄው ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ተማሪዎች ይረከቡታል፣ ከሙስሊም ሚዲያዎች ፕሮግራም መልስ ይፈልጋሉ፣ ሰፈራቸው ያሉ አዋቂዎችን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ይጽፋሉ። አንዳንዱ ጥያቄ ቀላል ነው። ጨረቃ ካልታየች ዒድ እንዴት ይታወቃል? ዘካ ስንት ነው? የሒሳብ ጎበዝ የሆነ አንድ ልጅ ዘካን በሰሌዳ ላይ አስቀመጠልን፤ ቁጠባው የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶው ለድሃ ይወጣል።

ዓመቱን ሙሉ ያነጋገረን ግን በደብተር ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ጥያቄ ናት። «ጓደኛዬ ቤታችን መጥታ ዶሮ ወጥ አልበላም አለች። እናቴ ከፋት። ተጸይፋን ነው?»

ይህን ጥያቄ በአንድ ሳምንት ልንጨርሰው አልቻልንም። በየሰፈሩ አንዱ ሥጋ ቤት መስቀል፣ ሌላው ጨረቃ ለጥፎ እናያለን፤ አይተን እናልፋለን። ተማሪዎቹ ያገኙት መልስ እንዲህ ነው። ሙስሊሙ ሲያርድ የአላህን ስም ይጠራል። ክርስቲያኑም በስመ አብ ብሎ ያርዳል። በቁርኣን የማኢዳ ምዕራፍ 5ኛው አንቀጽ የመጽሐፍ ሰዎች፣ ማለትም የአይሁድና የክርስቲያኖች፣ ምግብ እንደተፈቀደ ይናገራል፤ ሊቃውንቱም በዝርዝሩ ላይ ይነጋገሩበታል። በሀገራችን ግን ሁለቱም ወገን ከጥንት ጀምሮ የየራሱን እርድ ይዞ ኖሯል። ክርስቲያኑም የሙስሊሙን አይበላም። ስለዚህ ያቺ ልጅ ዶሮ ወጡን ስትተው እናቷና አያቷ የኖሩበትን ነው የጠበቀችው። የሰው ቤት መናቅ አይደለም።

የአንድ ተማሪ እናት ደግሞ ልጆቹ ሲጠይቋቸው ወደ ጓዳ ገብተው አንድ ድስት አወጡ። «ይኼ የሙስሊም ጎረቤቶቼ ነው። ድግስ ሲኖረኝ በጉን ለእነሱ እሰጣለሁ፣ ራሳቸው አርደው በዚህ ይሠራሉ። የእኛ ወጥ ገብቶበት አያውቅም» አሉ። ልጆቹ የድስቱን ፎቶ አንሥተው መጡ። ጎኑ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ እንዳይቀላቀል። ስለ ድስቱ የተጻፈው ጽሑፍ ሲነበብ ግቢው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የጻፈችው ልጅ ራሷ መጥታ ነገረችን። ከፋሲካ በኋላ ያቺ ጓደኛዋ ቤታቸው ስትመጣ እናቷ ለብቻ ሽሮ ሠርተው ጠበቋት።

ዘንድሮ ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። የግቢው ግማሹ ጾመኛ ሆነ ማለት ይቻላል። እኛም በየቀኑ አጭር ፕሮግራም አዘጋጀን። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ኦርቶዶክስ አንድ ሙስሊም፣ ስለ ጾማቸው ተራ በተራ ይጠያየቃሉ። «ውሃ እንኳ?» የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ግቢው ይንጫጫል። አዎ፣ ውሃ እንኳ፤ ከጎህ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ረመዳን ለምን ወሩን እንደሚቀያይርም አስረዱ። የሒጅራ፣ ማለትም የእስልምና አቆጣጠር፣ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር 354 ወይም 355 ቀን ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን እየቀደመ ክረምቱንም በጋውንም ያዳርሳል። የስፖርት መምህራችን ፕሮግራሙን ሰምተው የሩጫ ፈተናውን ከዒድ በኋላ አደረጉት። ማንም አልጠየቃቸውም።

ጥር ላይ አንድ ከባድ ዜና መጣ። በአክሱም ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃብ በመልበሳቸው ከትምህርትና ከፈተና ምዝገባ ታገዱ። የሙስሊም ሚዲያዎች ጉዳዩን በየቀኑ ዘገቡት። ክበባችን ውስጥ ያሉ ሒጃብ የሚለብሱ ልጆች ተረበሹ። እንተወው የሚል ሐሳብም ነበር። እኔ ግን ተማሪ የሚያንገበግበውን ነገር ትምህርት ቤት ዝም ካለው ልጁ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው የሚሰማው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ እንደ ጋዜጠኛ ሠራንበት። ማን ተናገረ? የት? መቼ? የተከለከሉት ልጆች ራሳቸው ተጠይቀዋል? የቆየ ፎቶ እንደ አዲስ የለጠፈ ገጽም አገኘን፤ ለየነው። በመጨረሻ ያስተላለፍነው አጭር ነበር። በመቀሌ ሰልፍ መውጣቱንና የአክሱም ፍርድ ቤት እገዳው ለጊዜው እንዲቆም ማዘዙን ተናገርን። ጽሑፉን ያነበበችው ሒጃብ የምትለብስ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

በሚያዝያ አንድ የሙስሊም ጣቢያ ስቱዲዮ ጎበኘን። ከመብራቱና ከካሜራው ይልቅ ተማሪዎቹን የያዛቸው የስልክ መቀበያው ሰዓት ነው። አንዲት እናት ደወሉ። ክርስቲያን ነኝ አሉ። ሙስሊም ጎረቤታቸው ጠዋት አርፈው ከሰዓት ተቀብረዋል፤ እሳቸው ከሥራ ሲመለሱ ሁሉ ነገር አልቋል። «ለቀብሩ እንኳ አልደረስኩም። አሁን ብሄድ ይቀየሙኛል?» መልስ የሚሰጡት ሼህ ጎንበስ ብለው ሰሙ። «ይሂዱ እንጂ እህቴ! ቀብሩ የፈጠነው ሟችን ለማክበር ነው። እኛ ጋር ቀብር አይቆይም። ሐዘንተኛው ቤት ለሦስት ቀን ሰው ይቀበላል። ቡናም ይሁን እንጀራ ይዘው ይሂዱ፣ ደስ ይላቸዋል።» ጥሪው ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስለ እስልምና ከሰማኋቸው ረጃጅም ንግግሮች ይልቅ ይህች መልስ ብዙ ሠርታለች ብዬ አስባለሁ። አንድ ሰው የሚቸግረውን ጠየቀ፣ የሚያውቀው ሰው በሚገባው አማርኛ መለሰለት።

ሁሉም ፕሮግራም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ልጆቹ ያዳመጡት አብዛኛው ፕሮግራም ለሙስሊሙ አድማጭ ብቻ የታሰበ ነው። ሙስሊም ያልሆነው ተማሪ መሐል ላይ ይጠፋበታል። የሃይማኖት ክርክር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ደግሞ በሁሉም ወገን ተመልካች ይሰበስባሉ። ጣቢያዎቹ በተመልካች ብዛት ተስበው ወደዚያ እንዳይሄዱ እመኛለሁ፤ ያቺ እናት ክርክር ላይ መልስ አታገኝም ነበር። ስቱዲዮ ለነበሩት አዘጋጆች ይህንኑ ነግረናቸዋል። በደንብ አድምጠውናል። የተማሪዎቹን የሳጥን ጥያቄዎች ቅጂም ጠይቀው ወስደዋል።

በአረፋ ዋዜማ የዓመቱን የመጨረሻ ፕሮግራም አቀረብን። ርዕሱ የእርዱ ሥጋ ነበር፤ አንዱ ክፍል ለቤተሰብ፣ አንዱ ለዘመድና ለጎረቤት፣ አንዱ ለድሃ እንደሚከፈል። ጽሑፉን ያዘጋጀችው መስከረም ላይ ቲክቶኩን ያሳየችን ልጅ ናት፤ መረጃውን ያገኘችው ከጓደኛዋ አባት ነው።

የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ፈተናቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፤ ኃላፊነቱን ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተረክበዋል። የሚቀጥለው ዓመት የጥያቄ ሳጥን ለሁሉም እምነት ክፍት ይሆናል። ማጉያው አርጅቷል፤ ወላጆች በመዋጮ አዲስ እንደሚገዙልን ቃል ገብተዋል። የተቀዱት ፕሮግራሞች በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ተጭነዋል። መስማት የሚፈልግ ተማሪ በክፍል አለቃው በኩል ይጠይቅ።