የምግብ ቧንቧ ደም ሥር ያበጠበት ሰው አልጋ ላይ ይዋል?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ጉበት ሕመም ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ የምግብ ቧንቧው ደም ሥር ያበጠበት ሰው ሙሉ ዕረፍት ያድርግ መባሉ አልተዋጠልኝም። አጎቴ በሄፓታይተስ ቢ መዘዝ ይኸው ችግር አለበት። «ይፈነዳብኛል» ብሎ ሦስት ወር ከአልጋ ሳይወርድ ከረመና ከወንበር ለመነሳት እንኳ ደጋፊ የሚፈልግ ሆነ፤ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ጡንቻው ድሮም ቶሎ ነው የሚያልቀው።

የሚያሰጋው መራመድ ሳይሆን ማማጥ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ትንፋሽ ይዞ ብድግ ማድረግ፣ ሲት አፕ መሥራት የሆድን ግፊት ይጨምራል፣ ያበጠውንም ደም ሥር ይወጥረዋል። ያበጠው ደም ሥር እንዳይደማ የሚታዘዘውን ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ ሰው ደግሞ የእንቅስቃሴውን ልክ በልብ ምቱ አይለካ፤ መድኃኒቱ ራሱ ምቱን ይቀንሰዋል። እየሄደ ማውራት ከቻለ ልኩ ያ ነው።

በሚቀጥለው እትም እርማት አውጡ፦ ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው በሜዳ ላይ በቀን ከ10 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ እስከ 30 ደቂቃ ይራመድ፣ ከባድ ነገር አያንሳ፣ ሰሞኑን የደማ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ደም ካስታወከው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለበትም በደማቁ ጻፉት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ