የፋይል ወፍጮ ቤት ለጎንደር

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በቪዲዮ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ሦስቱን ቀን በሦስት ካሜራ ቀርጸን 2 ቴራባይት ያህል ሰበሰብን። ኤዲተሩ ያለው አዲስ አበባ ነው። በስቱዲዮው መስመር ለመላክ ብንሞክር አፕሎዱ ከ10 ሜጋ ቢት በሰከንድ አላለፈም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 2 ቴራባይት በዚህ ፍጥነት ያለማቋረጥ ቢሄድ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። «ያለማቋረጥ» ስል መብራቱ አይሳቅብኝ።

በመጨረሻ ዲስኩን በአውሮፕላን ለሚሄድ ዘመዴ አስያዝኩት። ጠዋት ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ማታ ኤዲተሩ እጅ ገባ። መንገዱ 10 ሰዓት ፈጀ ብንል እንኳ የዘመዴ ሻንጣ በሰከንድ 440 ሜጋ ቢት ገደማ አሳልፏል። ግን ዲስክ ይወድቃል፤ መንገደኛም በፈለጉት ቀን አይገኝም።

ወደ ውጭ ሲላክ ደግሞ ርቀቱ ራሱ ይከብዳል። ላኪው ኮምፒውተር ጥቂት ልኮ «ደረሰኝ» የሚል መልስ ይጠብቃል። ዋሽንግተን ደርሶ ለመመለስ ሩብ ሰከንድ ቢወስድና በአንድ ጊዜ የሚላከው 64 ኪሎባይት ብቻ ቢሆን፣ መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ከ2 ሜጋ ቢት ብዙም አያልፍም። አዳዲስ ሲስተሞች ይህን መጠን አስፍተውታል፤ ይሁንና መንገድ ላይ ጥቂት ፓኬት (ፋይሉ ተከፋፍሎ የሚላክበት ትንሽ ቁራጭ) ሲጠፋ ፍጥነቱ ወዲያው ይወርዳል። ስለዚህ ፋይሉን ቆራርጦ በአንዱ መስመር ውስጥ በብዙ ግንኙነት ጎን ለጎን የሚልክ፣ ሲቋረጥም ካቆመበት የሚቀጥል ፕሮግራም ያስፈልጋል። ይህን እኛው እናበጃለን፤ ሰፊ መስመር ግን ከየት እናመጣለን?

ሐሳቤ ይህ ነው። እህል ለማስፈጨት እያንዳንዱ ቤት ወፍጮ አይተክልም፤ ጤፉን ተሸክሞ ሄዶ በኪሎ ይከፍላል። ለፋይልም እንዲሁ ቢሆንስ? በከተማው አንድ ክፍል፣ 1 ጊጋ ቢት ፋይበር፣ ጄኔሬተር፣ ዲስክ የሚሰካበት ጠረጴዛ። ክፍያው በወር ሳይሆን በቴራባይት። የእኔ 2 ቴራባይት በአራት ሰዓት ተኩል ያልቃል። ሌሊት ደግሞ ቢሮዎች ይዘጋሉ፣ ሰው ይተኛል፣ መስመሩ ይሰፋል፤ ከምሽቱ 5 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ እንኳ ቢሠራ 3 ቴራባይት ያወጣል። ቴሌኮሞች የሌሊቱን በርካሽ ቢሸጡልን የሚጎዳቸው አይመስለኝም። እኛ የምንፈልገው ነገ ጠዋት መድረሱን እንጂ አሁኑኑ መድረሱን አይደለም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚገናኙበት የትምህርትና የምርምር ኔትወርክ አላቸው፤ ደግ ነገር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከግቢው ውጭ ያለው ነው፦ የብራና መጻሕፍትን ገጽ በገጽ ፎቶ የሚያነሣው፣ የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራው፣ እንደኔ ሠርግና በዓል የሚቀርጸው።

አንድ ነገር ልጨምር። መስመር ሲሸጥልን የሚነገረን የዳውንሎዱ ፍጥነት ነው። የአፕሎዱም ውሉ ላይ ይጻፍልን፤ እኛ እንጀራችንን የምንበላው በእሱ ነውና።

የሚመጣው ጥር ሳይደርስ ከኩባንያዎቹ አንዱ ዋጋውን በቴራባይት ቢነግረን፣ ክፍሉን ተባብረን የምንከራይ እናገኛለን። እኔ አንዱ ነኝ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጎንደር፣ ፒያሳ